ዳማስክ ጨርቅ ሳትሸወዱ መግዛትና መጋረጃ ማሰፋት፦ ደረጃ በደረጃ

ይሄን የምጽፈው በሁለት ዓመት ውስጥ ብቻ አራት ሰው ጨርቁን በፌስታል ይዞ ቤቴ ስለመጣ ነው። የአንዷ ዳማስክ ተብሎ የተሸጠላት ሕትመት ነበር፣ የሁለቱ ጨርቁ ደህና ሆኖ ሁለት ሁለት ሜትር ጎድሎባቸዋል፣ የአራተኛው ደግሞ ጨርቁም ልኬቱም ልክ ሆኖ ሰፊው አንዱን ቁራጭ ገልብጦ ሰፍቶበታል። አራቱም የከሰሩት መቀስ ከመነሳቱ በፊት በተዘለለች አንዲት ነገር ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፣ ስፌቱ ራሱ ቀላል ነው።

ምሳሌዬ መጋረጃ ነው። የጠረጴዛ ልብስም የሶፋ ልብስም ብትሰሩ እስከ ደረጃ 6 ያለው ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ስሙን ለዩ

ዳማስክ የሚለው ስም ከደማስቆ ከተማ የመጣ ነው። ችግሩ ስሙ ብዙ ነገር ላይ ተለጥፏል፣ ባለሱቁም ሁሌ ሊያታልላችሁ ፈልጎ አይደለም፣ እሱ በአንዱ ትርጉም ይናገራል እናንተ በሌላው ትሰማላችሁ። ሱቅ ውስጥ ወይ ቴሌግራም ላይ "ዳማስክ" ሲባል ከነዚህ አንዱ ነው፦

አሠራሩ ማለት ሊሆን ይችላል። ዋናው ይሄ ነው። አበባው በቀለም አልተሳለም፣ ድርና ማጉ በሚተላለፉበት መንገድ ብቻ የወጣ ነው። አንዱ ቦታ ድሩ ከላይ ተኝቶ ያበራል፣ ሌላው ቦታ ማጉ ከላይ ይሆንና ይደበዝዛል። ለዛ ነው ሁሉም አንድ ቀለም ሆኖ አበባው የሚታየው።

ዲዛይኑ ማለት ሊሆን ይችላል። ያ ትልልቅ ቅጠልና አበባ ያለው፣ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ጌጥ። ይሄን ጌጥ ግድግዳ ወረቀት ላይም፣ ፕላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ ላይም፣ ስስ ፖሊስተር ላይም ያትሙታል፣ ሁሉንም ዳማስክ ይሉታል። መጋረጃ ፈልጋችሁ የምትሸወዱት እዚህ ጋ ነው።

ጃካርድ ማለት ሊሆን ይችላል። ጃካርድ የጨርቅ ስም አይደለም፣ በፈረንጆች 1804 ፈረንሳይ አገር ሊዮን የወጣ የሽመና መሣሪያ ነው። ዛሬ ዳማስክ የሚሠራው በዚህ መሣሪያ ነው፣ በዚህ መሣሪያ የተሠራ ሁሉ ግን ዳማስክ አይደለም። "ጃካርድ ነው" ካሏችሁ እሺ በሉና ደረጃ 4ን ሥሩ።

የሆቴል አንሶላ ማለትም ሊሆን ይችላል፣ ያ ነጭ በነጭ መስመር ያለው። እሱም የዚሁ ቤተሰብ ነው ግን ለመጋረጃ ይሳሳል።

ስልካችሁ ላይ ስትፈልጉ ወዛም ሞገድ ያለበት ቢላ ከመጣላችሁ የደማስቆ ብረት የሚባለው ነው፣ ሽቶና ቅባት ከመጣላችሁ የደማስቆ ጽጌረዳ ነው፣ ሁለቱም ከጨርቃችሁ ጋር የሚያገናኛቸው የከተማዋ ስም ብቻ ነው። አክስቴ ደግሞ ልጅ ልካ "ዳማስክ አለ ወይ ብለህ ና" ብትለው ልጁ እቅፍ ሙሉ ዳማከሴ ይዞ መጣ። ለምች ጥሩ ነው፣ መስኮት ላይ ግን አይሰቀልም።

ሱቅ ስትገቡ ስሙን ትታችሁ እንዲህ በሉ፦ "አበባው በሽመና የወጣ፣ ያልታተመ፣ ለመጋረጃ የሚሆን ወፍራም።" ግማሹ ጭቅጭቅ እዚሁ ያልቃል።

ደረጃ 2፦ ቤት ውስጥ ለኩ

የሚያስፈልገው፦ የማይለጠጥ ሜትር (የብረቱ ይሻላል)፣ ወረቀት፣ አንድ የሚይዝላችሁ ሰው።

1. ዘንጉን መጀመሪያ ስቀሉ። ዘንግ ሳይሰቀል የተለካ መጋረጃ ወይ ያጥራል ወይ ይጎተታል።
2. መስኮቱን ሳይሆን ዘንጉን ለኩ። ዘንጉ ከመስኮቱ በግራም በቀኝም 20 ሳንቲ ቢወጣ ጥሩ ነው።
3. ከዘንጉ እስከ ወለል ሦስት ቦታ ለኩ፣ ግራ፣ መሀል፣ ቀኝ። የድሮ ቤት ከሆነ ሦስቱ እኩል አይመጡም፣ አትደንግጡ፣ ትንሹን ያዙ።
4. ቁጥሩን በሳንቲ ብቻ ጻፉ። "ሁለት ክንድ ከምናምን" ይዞ የመጣ ሰው አለ፣ እውነቴን ነው።

ደረጃ 3፦ ስንት ሜትር እንደምትገዙ አስሉ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው ስለዚህ በቁጥር ላሳያችሁ።

መስኮቱ 150 ሳንቲ ነው እንበል፣ ዘንጉ 190። መጋረጃ ሽንሽን እንዲኖረው የዘንጉን እጥፍ ይፈልጋል፣ 380 ሳንቲ። የጨርቁ ወርድ 140 ከሆነ 380 ለ140 ሲካፈል 2.7 ይመጣል፣ ማለትም 3 ቁራጭ። 2 ቁራጭ ይበቃል የሚላችሁን አትስሙ፣ እንደ አንሶላ ተወጥሮ ነው የሚቀረው።

ቁመቱ ከዘንግ እስከ ወለል 240 ነው። ከላይ ለእጥፋት 10፣ ከታች ለቅምቅማት 20 ጨምሩ፣ 270።

አሁን ሰው 270 በ3 ያባዛና 8 ሜትር ከ10 ብሎ ይገዛል። ተሳስቷል። ዳማስክ ትልቅ አበባ አለው፣ አበባው ደግሞ ከቁራጭ ቁራጭ መገናኘት አለበት። አንዱ አበባ ካለበት ቦታ ያው አበባ ተደግሞ እስከሚመጣበት ድረስ ያለውን ርቀት ለኩ፣ እኔ "ዙር" እለዋለሁ። ዙሩ 64 ሳንቲ ነው እንበል። 270 ለ64 ሲካፈል 4.2 ይመጣል። ሩብ ዙር የሚባል ነገር የለም ስለዚህ ወደ 5 ይዘላል፣ 5 ዙር 320 ሳንቲ ነው። 3 ቁራጭ ሲሆን 9 ሜትር ከ60። ባለሱቁ ጣቃውን የቆረጠው አበባው መሀል ላይ ሊሆን ስለሚችል መነሻችሁን ለማስተካከል ትንሽ ታጣላችሁ፣ በቃ 10 ሜትር ግዙ። በ8 ሜትር ከ10ና በ10 ሜትር መሀል ያለው ነው እነዛ ሁለት ሰዎች የጎደላቸው።

ዙሩ ትንሽ ከሆነ (15፣ 20 ሳንቲ) ብክነቱም ትንሽ ነው። ለበጀት የሚጨነቅ ሰው ትንሽ አበባ ይምረጥ፣ እኔ በበኩሌ ትንሽ ክፍል ላይ ትልቅ አበባ አልወድም።

ወርዱ 280 የሆነ ጨርቅ ካገኛችሁ ሌላ ስሌት ነው፣ ወርዱ ቁመት ይሆናል፣ የምትገዙት የዘንጉን እጥፍና ለጠርዝ ትንሽ፣ እዚህ ምሳሌ ላይ 4 ሜትር፣ መጋጠሚያም የለውም። ግን ሁለት ነገር ቼክ አርጉ፦ አበባው በዛ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይስ ይተኛል? እና 270ው በ280ው ውስጥ ከነቅምቅማቱ ይገባል? ጣሪያው ከፍ ያለ ቤት ከሆነ አይገባም።

ደረጃ 4፦ ሱቅ ውስጥ ፈትኑ

ሐሙስ አትሂዱ። እኔ ያለሁት ጅማ ነው፣ እዚህ ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፣ ሱቁ ይጨናነቃል፣ ጣቃ ዘርግቶ የሚያሳያችሁ ሰው አታገኙም። በሌላ ቀን፣ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳለ ሂዱ። ነጭ መሐረብ፣ ትንሽ ውሃና ክብሪት ያዙ።

1. ገልብጡት። ጀርባው ነጭ ወይ የደበዘዘ ከሆነ ሕትመት ነው፣ ጨርሳችሁ ውጡ። ጀርባው ላይ የተንዘላዘለ ክር ካለ ሌላ ዓይነት ነው፣ ብሮኬድ የሚባለው፣ ቆንጆ ሊሆን ይችላል ግን በጥፍርና በድመት ይመዘዛል። ጀርባው ላይ ያው አበባ ተገላብጦ ከታየ፣ ፊቱ ላይ የሚያበራው ከኋላ ደብዝዞ፣ የደበዘዘው ከኋላ አብርቶ፣ ዳማስክ ነው።
2. በሩ ድረስ ውሰዱትና ወደ ብርሃን አዘንብሉት። አበባው ከብሩህ ወደ ደብዛዛ እየተቀያየረ ይጫወታል። ሕትመት እንዲህ አይጫወትም።
3. በሁለት አውራ ጣት ያዙና ጎን ለጎን ሳብ አርጉ። ክሮቹ ተንሸራተው ክፍተት ከተዉ ስፌት ላይ ይከፈታል፣ ተዉት።
4. መሐረቡን አርጥባችሁ ጥግ ላይ 10 ጊዜ እሹት። ቀለም ከለቀቀ ነጭ ግድግዳችሁንና ገበራችሁን አስቡ።
5. ከጠርዙ አንድ ክር መዛችሁ ውጭ ወጥታችሁ አቃጥሉ (ሱቅ ውስጥ እንዳታረጉት)። ወረቀት ወረቀት ሸቶ ለስላሳ አመድ ከሆነ ጥጥ ወይ ተልባ (ሊነን የሚባለው) ነው። ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ከሆነ ፖሊስተር ነው። ፀጉር ፀጉር ከሸተተ ሐር ነው። ድሩንና ማጉን ለየብቻ አቃጥሉ፣ ቅልቅል ብዙ ነው።

ፖሊስተር መሆኑ ነውር አይደለም። እንደውም ጅማ ላይ ዝናቡና እርጥበቱ ረጅም ስለሆነ ቶሎ የሚደርቅ ጨርቅ ብዙ ራስ ምታት ይቀንሳል። ነውሩ ፖሊስተሩን በጥጥ ዋጋ መግዛት ነው።

ተስማምታችሁ ከሆነም ሁሉንም ከአንድ ጣቃ አስቆርጡ። "የቀረውን ከሌላው ጣቃ እሞላልሃለሁ" ካላችሁ እምቢ በሉ፣ ቀለሙ ቀን ላይ ይለያያል።

ደረጃ 5፦ ከመቆረጡ በፊት እጠቡ

ፖሊስተር ከሆነ ይሄን ዝለሉት፣ ካውያ ብቻ ይበቃዋል። ጥጥ ወይ ተልባ ከሆነ እንዳትዘሉ።

ከትርፉ 20 በ20 ሳንቲ ቁረጡና እጠቡት፣ አድርቁት፣ መልሳችሁ ለኩት። 19 ከሆነ 5 በመቶ ገብቷል ማለት ነው፣ የኛ 10 ሜትር ይችለዋል። ከዛ በታች ከሆነ፣ ማለትም 18 ምናምን፣ ስሌቱን ከታጠበው ዙር እንደገና ሥሩና የጎደለውን ጣቃው ሳያልቅ ግዙ።

ከዛ ሙሉውን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉ፣ አትጭመቁ፣ ጥላ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁ። ትንሽ እርጥበት ሲቀረው በጀርባው በኩል ተኩሱ። ሐር ከሆነ ውሃ አታስነኩት፣ ለላውንደሪ ስጡ።

ደረጃ 6፦ ቁረጡ

ወለሉን ጥረጉ፣ ንጹሕ አንሶላ አንጥፉ፣ ልጆቹን አስወጡ።

1. ፊቱን ምረጡ። ዳማስክ በሁለቱም በኩል ያምራል፣ ወጥመዱም ይሄ ነው። አበባው የሚያበራበትን ወይስ መሬቱ (ከአበባው ውጭ ያለው የጨርቁ ክፍል) የሚያበራበትን ነው ወደ ቤት የምታዞሩት? ወስኑና አትቀይሩ።
2. በጀርባው በኩል ጥግ ላይ በጠመኔ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት ሳሉ። ለእያንዳንዱ ቁራጭ። ሳትሰለቹ።

የእህቴ ሰርግ ላይ አራት መጋረጃ ማታ ሰቀልን፣ በአምፖል ሁሉም አንድ ይመስሉ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ሲገባ ጎረቤታችን ቡናዋን ይዛ ቆማ ቆማ "እትዬ፣ ያቺኛዋን ብቻ ነው ያጠባችኋት?" አለች እናቴን። ሦስቱ ላይ አበባው ያበራል፣ አንዷ ላይ መሬቱ። የተገለበጠች ነበረች። ሰፊው በሕይወቱ ቀስት አልሳለም፣ እኔም አልነገርኩትም።

3. የመጀመሪያውን ቁረጫ ቀጥ አርጉ። ከወርዱ አንድ የማግ ክር መዛችሁ አውጡና የተወውን መስመር ተከተሉ። ክሩ ከተበጠሰ ከተበጠሰበት ቀጥሉ።
4. አበባው ከክሩ ጋር ዘምሞ ከታየ አትደንግጡ፣ በሽመና የወጣ ስለሆነ አበባውና ክሩ ሊለያዩ አይችሉም፣ ጨርቁ ራሱ ነው የተጣመመው። ሁለት ሰው ሆናችሁ በሰያፍ ጥግና ጥጉን ሳቡ፣ በእንፋሎት ተኩሱ። ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ ካልተስተካከለ ሳትቆርጡ ለባለሱቁ መልሱ።
5. የመጀመሪያውን ቁራጭ ቁረጡ (320 ሳይሆን 270፣ 320 የሚቀጥለው የሚጀምርበት ነው)። ሁለተኛውን አጠገቡ አንጥፋችሁ አበባ ለአበባ ካገናኛችሁ በኋላ ብቻ ቁረጡ። ሦስተኛውም እንዲሁ።
6. ሦስተኛውን ቁራጭ በቁመቱ ለሁለት ክፈሉት፣ ግማሹ ለግራ፣ ግማሹ ለቀኝ መጋረጃ። ግማሾቹ ወደ ግድግዳ በኩል ይሁኑ፣ መሀል ላይ ሙሉ ወርድ ይገናኝ።
7. በቁራጮቹ መሀል የወደቀውን ትርፍ አትጣሉት። በኋላ ያድናችኋል።

ለሰፊ የምትሰጡ ከሆነ፦ ሲቆርጥ አጠገቡ ቁሙ። "አበባውን እያገናኘህ ቁረጥልኝ" በሉት ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት፣ ምክንያቱም ጊዜ ይወስዳል፣ በኋላ ስትነግሩት ይቆጣል፣ ልክም ነው።

ደረጃ 7፦ ስፉ

መርፌው አዲስ ይሁን፣ ለወፍራም 90፣ ለስስ 80። ዱልዱም መርፌ ዳማስክ ላይ ክር ይመዛል። የስፌቱ ርዝመት ወደ 3 ሚሊ። መጀመሪያ ትርፍ ላይ ሞክሩ።

1. ዳር ዳሩን ቶሎ ኦቨርሎክ አስደርጉ፣ ይተረተራል።
2. መጋጠሚያው ላይ የአንዱን ዳር 2 ሳንቲ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ተኩሱ፣ በሌላኛው ላይ አስተኙትና አበባው እስኪገናኝ አንሸራቱት፣ በየ10 ሳንቲው ስፒል ስኩ። በስፒል ብቻ አትመኑ፣ በእጅ ረዘም ረዘም አርጋችሁ ያዙት፣ ከዛ በመኪና።
3. ገበር ጨምሩ። አቡጀዲም ይሆናል፣ ግን ታጥቦ የገባ ይሁን፣ አለበለዚያ ገበሩ ገብቶ መጋረጃውን ይሸበሽበዋል። ፀሐይ በቀጥታ ለሚመታው መስኮት ገበር ግዴታ ነው።
4. የላዩን እጥፋትና ሽንሽን ጨርሱ። የታችኛውን ቅምቅማት አትንኩት።

ስፌቱ ከተኮማተረ የክሩን ውጥረት ቀንሱና በሁለት እጅ ከፊትም ከኋላም ቀለል አርጋችሁ ያዙት። አትጎትቱ።

ደረጃ 8፦ ስቀሉና ጠብቁ

ሦስት ቀን ይንጠልጠል። ከባድ ጨርቅ በራሱ ክብደት ይረዝማል፣ በክረምት ደግሞ እርጥበት ይጨምርበታል። ከዛ ነው የታችኛውን ለክታችሁ የምትቀመቅሙት፣ ከወለሉ 1 ሳንቲ ከፍ ይበል። በችኮላ የተቀመቀመ መጋረጃ በወሩ መሬት ሲጠርግ ታገኙታላችሁ።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል

ክር ከተመዘዘ፦ አትቁረጡት። በመርፌ ወደ ጀርባው ሳቡና ጨርቁን በሰያፍ ቀለል አርጋችሁ ወጥሩት፣ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይገባል።

ቡና ከፈሰሰበት፦ ወዲያው ከጀርባው በኩል ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱ፣ ከዛ ሳሙና። ከፊት ከፈተጋችሁት የሚያበራው ክር ይሻክርና እድፉ ሄዶ ምልክቱ ይቀራል። በረኪና በፍጹም፣ ነጭ ጨርቅም ቢሆን ቢጫ ሊያረገው ይችላል።

ቀለም ከለቀቀ፦ ሳይደርቅ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ ለቅልቁት። አንዴ ከደረቀና ከተተኮሰ አይወጣም።

ሻጋታ ከሸተተ፦ በጋውን ጠብቁና ገላጭ ቀን ላይ እጠቡ፣ በመስኮትና በመጋረጃው መሀል አየር ይግባ። ክረምት ላይ የታጠበ ወፍራም ዳማስክ ሦስት ቀን ሳይደርቅ ሊውል ይችላል፣ ሽታው የሚጀምረው ያኔ ነው።

ካጠረ፦ ከታች ሌላ ቀለም ያለው ሜዳ ጨርቅ እንደ ጥለት ጨምሩበት፣ ለሁሉም መጋረጃ እኩል፣ አስባችሁ ያደረጋችሁት ይመስላል።

ከእጣኑ ፍም ተፈናጥሮ ከቀዳደው፦ ደረጃ 6 ላይ ያስቀመጣችሁትን ትርፍ አውጡ፣ ያው አበባ ያለበትን ቦታ ፈልጉ፣ ቀስቱን አይታችሁ በዛው አቅጣጫ ከጀርባ አስገብታችሁ በእጅ ስፉት። ፖሊስተር ከሆነ ቀዳዳው ዳር የቀለጠውን ጠንካራ ነገር መጀመሪያ በትንሽ መቀስ ቁረጡ። ረከቦቱንም ከመስኮቱ ራቅ አርጉት።